በባዕድ ሀገር የሚማር ልጅ ጤናውን ማን ይጠብቅለታል? በቱርክ ላሉና ለመሄድ ለሚዘጋጁ ተማሪዎች

በየዓመቱ አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲቃረብ ከቦሌ ተነሥተው ወደ ውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚጓዙ እህትና ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። ከሚሄዱባቸው ሀገራት አንዷ ቱርክ ናት። የቱርክ መንግሥት «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» በሚለው ፕሮግራም የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርኃዊ ገንዘብን፣ የአውሮፕላን ትኬትን፣ የጤና መድኅንንና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትን ይሸፍናል። በራሳቸው ወይም በቤተሰባቸው ወጪ የሚማሩም አሉ።

ጉዞው ሲቃረብ ቤተሰብ ሥራ ይበዛበታል። ሰነዶች ይተረጎማሉ፣ ይረጋገጣሉ። በርበሬና ሽሮ ይቋጠራል። ወፍራም ጃኬት ይፈለጋል። ስለ ጤና ግን ብዙ ጊዜ የሚባለው ነገር ቢኖር «ራስህን ጠብቅ» የሚል ምክር ብቻ ነው። ራስን መጠበቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው የለም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በሀገሩ ሳለ ጤናውን የሚጠብቅለት ቤቱ ነው። ምሳ የሚደርሰው እናት ስላለች ነው። ሲያስለው ሰምቶ «ይህ ሳል ሰነበተ እኮ» የሚለው አባት ወይም ታላቅ እህት አለ። ቤቱ ሲተኛ እሱም ይተኛል። ይህ ልጅ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ ጠባቂዎች እዚሁ ይቀራሉ። በአዲሱ ሀገር የቤቱን ሥራ ራሱ ካልያዘው የሚይዝለት የለም። ይህን ሥራ ለመጀመር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣሉ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን።

ከመነሣት በፊት፦ ሁለት ምርመራዎች

ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ሊደረጉ የሚገቡ ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው የጉበት ቫይረስ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለዱ፣ በተለይም ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች በሕፃንነታቸው ክትባቱን ያላገኙ ናቸው። ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሳይታወቅ ከቆየ ግን ጉበትን ሊያጠቃና ወደ ጉበት ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው። ቫይረሱ የሌለበትና ያልተከተበ ሰው ክትባቱን ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መርፌ ሲሆን በስድስት ወር ውስጥ ስለሚያልቅ በጊዜ መጀመሩ ይጠቅማል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ደግሞ ክትትል ይጀምራል፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን ሐኪም ይወስናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ሰፍ ቆሞ በመስገድ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መዋዋስም አደጋ አለው፤ በማደሪያ ክፍል ውስጥ ይህ በቀላሉ የሚለመድ ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን መተው አለበት።

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው። ሀገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው ሀገራት አንዷ ናት። ብዙ ሰው ባክቴሪያው በሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ ሳይታመም ይኖራል። የምግብ እጥረትና ሰውነትን የሚያዳክም ሕመም ሲመጡ የተኛው ሊነሣ ይችላል። ምልክቶቹ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ናቸው። ይህ ምልክት ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ይመርመር።

ቱርክ ከደረሱ በኋላ ምልክቱ ቢመጣም መደበቅ አያስፈልግም። በቱርክ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በነፃ ይሰጣል፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋሙ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ሕክምናው በተለመደው መንገድ ስድስት ወር ይፈጃል፣ በአግባቡ ከተወሰደም ይድናል። «ቢታወቅ ወደ ሀገሬ ይመልሱኛል» ብሎ ሳልን መደበቅ ራስንም አብሮ በአንድ ክፍል የሚያድረውን ወንድምም መጉዳት ነው።

ከሁለቱ ምርመራዎች ሌላ፣ አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለበት ተማሪ የሐኪሙን ማስረጃ በእንግሊዝኛ አጽፎ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሳይንሳዊ ስምና መጠን ይዞ ይሂድ። የመድኃኒቱ የንግድ ስም ከሀገር ሀገር ይለያያል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ግን አይለወጥም። በሌላ በኩል «ለክፉ ቀን» ተብሎ አሞክሳሲሊንና ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን በሻንጣ መቋጠሩ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ለጉንፋን አይሠሩም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰዳቸውም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። በቱርክም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም።

ሦስት ወሩ የሚያልቀው ሳናውቀው ነው

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበልጣሉ ያልንበት ዋናው ምክንያት ይኸውና። በቱርክ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የሚማር ተማሪ የጤና መድኅኑ በፕሮግራሙ ይሸፈንለታል። በራሱ ወጪ የሚማር የውጭ ተማሪ ግን በመንግሥት አጠቃላይ የጤና መድኅን ውስጥ ለመግባት ራሱ ማመልከት አለበት። የሚያመለክተው በአጭሩ «ሴ-ጌ-ካ» ለሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ነው። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ በዚያ ትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ዕድሉ አይመለስለትም።

ሦስት ወር ሲባል ረጅም ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ተማሪ በእነዚህ ወራት የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣል፣ ቤት ወይም ማደሪያ ይፈልጋል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ቋንቋውን ከሀ ይጀምራል። በዚህ ሁሉ መካከል ጤነኛ የሆነ ወጣት መድኅንን ከሁሉም ኋላ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለመኖሪያ ፈቃዱ ሲል ርካሽ የግል መድኅን ይገዛና «መድኅን አለኝ» ብሎ ያርፋል። እንዲህ ያለው የግል መድኅን ፈቃዱን ለማግኘት ይበቃ ይሆናል፤ የሚሸፍነው ሕክምና ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከውሉ በፊት የነበረን ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ልዩነቱ የሚታወቀው ትርፍ አንጀት ሲነሣ ወይም እግር ሲሰበር ነው። ያን ጊዜ የሆስፒታል ሒሳብ የሚመጣው ወደ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ በራሱ ወጪ የሚሄድ ተማሪ የተመዘገበበትን ቀን በስልኩ ላይ ይጻፍ። ወላጅም ያንን ቀን ይያዝ። በየወሩ የሚከፈል መዋጮ አለው፤ ሳይቋረጥ መከፈል አለበት።

ሐኪም ቤት መሄድን መልመድ

መድኅን መኖሩ ብቻውን አያክምም። ብዙ ተማሪ ሐኪም ቤት የማይሄደው ቋንቋውን ስለሚፈራ፣ መንገዱን ስለማያውቅና «ይለቀኛል» ስለሚል ነው። መንገዱ ግን ከባድ አይደለም።

ለቀላል ሕመም የመጀመሪያው በር በየሠፈሩ የሚገኘው የቤተሰብ ጤና ጣቢያ ነው። በቱርክኛ «አይሌ ሳልክ መርኬዚ» ይባላል። በመንግሥት ሆስፒታል ልዩ ሐኪም ለማግኘት በ182 በመደወል ወይም በስልክ መተግበሪያው ቀጠሮ ይያዛል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚገኘውና በ99 የሚጀምረው የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር ነው። የግል ሆስፒታሎች በመድኅኑ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠይቁ ከመግባት በፊት ዋጋውን መጠየቅ ይገባል። ሌሊት መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው በየሠፈሩ ተራ ገብቶ የሚያድር ፋርማሲ አለ፤ «ኖቤትቺ ኤጅዛኔ» ብሎ ቢጠይቅ ያሳዩታል። ለድንገተኛ አደጋ ግን ቁጥሩ አንድ ነው፦ 112።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን የቱርክኛ ቃላት ሲማር የገበያውን ብቻ ሳይሆን የሕመሙንም ይማር። «አቴሽ» ትኩሳት ነው። «ኦክሱሩክ» ሳል ነው። ለመድኃኒት ወይም ለምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ይህንን በቱርክኛ አጽፎ በኪሱ ይያዝ። ከመታመም በፊት ሄዶ ከቤተሰብ ሐኪም ጋር መመዝገብ፣ ሕንፃውን ማወቅና የት እንደሚገባ ማየት በሽታ በያዘ ቀን ግማሹን ጭንቀት ያስቀራል።

ማዕዱ ተቀይሯል

ቱርክ የሙስሊም ሀገር ስለሆነች ተማሪው ስለ ሐላል ምግብ ብዙም አይቸገርም። ችግሩ ሌላ ነው። ከእንጀራ፣ ከምስርና ከሽሮ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ወደ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ጣፋጭ ይገባል። የሆድ ድርቀት፣ የክብደት መጨመርና ድካም የሚከተሉት ከዚህ ነው። በሌላ በኩል የኑሮ ውድነቱ አለ። በቱርክ የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በመንግሥት አሃዝ እንኳ ከ85 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ገንዘብ ያጠረው ተማሪ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከሆዱ ነው፤ ቁርስን ይተዋል፣ ከዚያ ሌሊት በብስኩትና በቺፕስ ያካክሳል።

መፍትሔው እጅ ላይ አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ምግብ ቤት ምሳ በድጎማ ስለሚቀርብ ከውጭ ምግብ እጅግ ይረክሳል። ብዙ ጊዜ ሾርባ፣ ዋና ወጥ፣ ሩዝ ወይም ቡልጉር እንዲሁም ሰላጣ ወይም እርጎ ያለበት ነው። በመንግሥት ማደሪያ የሚኖሩም ቁርስና እራት አላቸው። «ጣዕሙ አልለመደኝም» ብሎ ይህንን መተው በገንዘብም በጤናም ኪሳራ ነው።

ማብሰል ለሚችል ደግሞ የቱርክ ገበያ ለሐበሻ ወጥ እንግዳ አይደለም። ቀይ ምስር በየሱቁ አለ። ሽምብራ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ሽንኩርት አለ። እኛ ሳልሳ የምንለውን የቲማቲም ድልህ እነርሱም «ሳልቻ» ይሉታል። በርበሬው ከሀገር ከሄደ አንድ ድስት ምስር ለሦስት ሰው ሁለት ቀን ይበቃል። ከነጭ ሩዝ ይልቅ ቡልጉር፣ ከነጭ ዳቦ ይልቅ ከሙሉ ስንዴ የተጋገረውን መምረጥ ሆድን ያስተካክላል። ሦስትና አራት ሆኖ ተራ ገብቶ ማብሰል ደግሞ ወጪውን ከመቀነሱም በላይ ብቻ መብላትን ያስቀራል። ብቻውን የሚበላ ሰው ቶሎ ምግብ ይተዋል።

ስለ ሻይ ሁለት ቃል እንበል። በቱርክ ሻይ እንግዳ መቀበያ፣ ጨዋታ ማስጀመሪያ፣ የጥናት ጓደኛ ነው። ብርጭቆው ትንሽ ስለሆነ ስንት እንደጠጡ አይታወቅም። በአንድ ብርጭቆ ሁለት ኩብ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን ስምንት ብርጭቆ ቢጠጣ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ስኳር ከሻይ ብቻ ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን የሚመክረው ከምግቡ ሁሉ የሚገኘውን የተጨመረ ስኳር ነው። ሁለተኛ፣ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። በወር አበባ ምክንያት ብረት ለሚያጥራቸው እህቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ በቂ ነው።

ሲጋራና ሺሻም በዚሁ በጨዋታ በር ይገባሉ። በሀገሩ አጭሶ የማያውቅ ልጅ በባዕድ ሀገር ጓደኛ ፍለጋ ሲል ይጀምራል። የሺሻ ጭስ በውኃ ውስጥ ስላለፈ ንጹሕ ነው የሚባለው እውነት አይደለም፤ ኒኮቲኑም ካርቦን ሞኖክሳይዱም እዚያው አሉ።

እንቅልፍ፣ ፀሐይና ሰላት

የቱርክ ሰዓት ከኢትዮጵያ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ልጆቻችን በዚህ ረገድ አይደናገሩም። የፀሐይዋ ነገር ግን ሌላ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በኢስታንቡል ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ወደ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተማሪው በጨለማ ተነሥቶ ወደ ክፍል ይሄዳል፤ ሲመለስም ሊመሽ ይችላል። በጁን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከኢሻ እስከ ሱብሒ ያለው ጊዜ ከአምስት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱና ቀኑ ተቀራራቢ ሆኖ ያደገ ሰው ለዚህ አልተዘጋጀም።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። በበጋው አጭር ሌሊት ይህንን በአንድ ጊዜ መሙላት ስለማይቻል ሁለት ቦታ መክፈል ያስፈልጋል። ኢሻን ሰግዶ ወዲያው መተኛት፣ ከሱብሒ በኋላ እንደገና ጋደም ማለት፣ ወይም በቀትር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀይሉላ ማረፍ ይቻላል። ከኢሻ በኋላ እስከ ሱብሒ ስልክ ይዞ ቆይቶ፣ ሰግዶ ተኝቶ፣ የጧቱን ክፍል መቅረት ግን በብዙ ማደሪያዎች የሚታይ ልማድ ነው። ውጤቱም በፈተና ጊዜ ይመጣል።

አንዳንዱ እንቅልፉን በማነቃቂያ ሊያሸንፍ ይሞክራል። በሀገሩ ለጥናት ብሎ ጫት የለመደ ተማሪ እዚያ ሲያጣው ወደ ኃይል ሰጪ መጠጥ ይዞራል። አንድ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለው። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ችግር አያመጣም ይባላል፤ ቡና፣ ሻይና ሦስት ጣሳ ሲደመሩ ግን ይህ መጠን ቶሎ ይታለፋል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ከዚያ ይከተላሉ። ጫትን በሻንጣ ይዞ ለመሄድ ለሚያስብም እንንገረው፦ ጫት በብዙ ሀገራት በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ትምህርትን ቀርቶ ነፃነትን ሊያሳጣ ይችላል።

የፀሐይ ማነስ ሌላም መዘዝ አለው። ሰውነታችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳ ላይ ከሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ነው። ቱርክ ከምድር ወገብ ርቃ ስለምትገኝ በብርድ ወራት የሚደርሳት ጨረር ደካማ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሰውነታቸውን ለሚሸፍኑ እህቶቻችን ደግሞ የሚደርሳቸው ብርሃን ይበልጥ ያንሳል። የማያባራ ድካም፣ የአጥንትና የጡንቻ ሕመም ከታየ ሐኪም የደም ምርመራ እንዲያዝ መጠየቅ ይቻላል። እጥረት ከተገኘ በኪኒን ወይም በጠብታ ይስተካከላል፤ መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን፣ ምክንያቱም ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ዲም ይጎዳል።

ብርዱ ቤት ውስጥ ያስቀምጣል፣ መቀመጥም ሌላ ሕመም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ከአንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ ብቻውን ብዙ ይሞላል።

ናፍቆት መቼ ሕመም ይሆናል?

የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ዓመት ነው። በሀገሩ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ እዚያ ዳቦ ለመግዛት ቃል ያጣል። በነፃ ትምህርት የሄደ ተማሪ በቱርክኛ የሚጠየቀውን ደረጃ ካላገኘ ወደ ዋናው ትምህርቱ አይገባም። በላዩ ላይ የቤተሰብ ተስፋ አለ። አንዳንዱ ቤተሰብ መሬት ሸጦ ወይም ተበድሮ ልኮታል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲከፋው ለማን ይናገራል? እናቱ ስትደውል «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ እማ» ይላል፤ ስልኩን ዘግቶ ግን ግድግዳ ያያል።

ናፍቆት የሁሉም ነው፤ ከጊዜ ጋር ይቀልላል። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ የቆየ ሐዘን፣ ይወዱት የነበረን ነገር መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ ምግብ መዝጋት፣ ከሰው መሸሽ ሲደራረቡ ይህ የድብርት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕመም ደግሞ ይታከማል።

በእኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ «ኢማኑ ደክሞ ነው»፣ «ዓይን ነው»፣ «ጂን ነው» ይባላል። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ለልብ መረጋጋት የምንሻው ነው፤ ማንም ይተው አይልም። ነገር ግን ስኳር የያዘው ሰው ዱዓ እያደረገ ኢንሱሊኑን እንደሚወጋው ሁሉ፣ የመንፈስ ጭንቀት የያዘውም ዱዓ እያደረገ ባለሙያ ያነጋግር። በብዙ የቱርክ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በነፃ የሚገለገሉበት የሥነ ልቦና ምክር ክፍል አለ። የሚነገራቸውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለባቸው። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚናገር ጓደኛ ካለ ብቻውን አይተው፤ አብራችሁት ሁኑ፣ 112 ደውሉ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ይህ ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ ነፍስ ማዳን ነው።

እዚያ የቆዩ ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። አዲስ የመጣ ልጅ ሁለት ጁሙዓ ከጠፋ፣ ከሐበሻው ስብስብ ከቀረ፣ ስልክ ካላነሣ፣ በሩን ማንኳኳት የጎረቤት ሐቅ ነው።

ረመዳን በማደሪያ ውስጥ

በእነዚህ ዓመታት ረመዳን በቱርክ የሚውለው በብርዱ ወቅት ስለሆነ ቀኑ አጭር ነው። የሚያስቸግረው ረሃቡ ሳይሆን የሌሊቱ መዛባት ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ሳይተኙ መቆየት፣ በጣፋጭና በተጠበሰ ነገር መጀመር፣ ውኃ መርሳት ጾመኛውን በቀን ያደክመዋል። በቴምርና በውኃ አፍጥሮ፣ ሾርባ ጠጥቶ፣ ተራዊሕን ሰግዶ መተኛት፣ ለሱሑር ደግሞ ቶሎ የማያስርብ ነገር መብላት ይሻላል። እንቁላል፣ እርጎ፣ ምስርና ቡልጉር ለዚህ ጥሩ ናቸው።

ስኳር ያለበት፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ተማሪ ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ያገራለት ነገር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በሀገሩ ሳለ ይህንን የሚያስታውሰው ቤተሰብ ነበር፤ እዚያ ግን ጓደኞቹ ሲጾሙ አፍሮ መድኃኒቱን እንዳይተው አብረውት ያሉት ይወቁለት።

ለወላጆች የምንለው

አባቶችና እናቶች ሲደውሉ የሚጠይቁት ጥያቄ ልጁ ስለ ራሱ የሚያስብበትን መንገድ ይወስናል። ሁልጊዜ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ ከተባለ፣ ልጁ ከእሱ የሚፈለገው ውጤት ብቻ እንደሆነ ይገባዋል፤ ሕመሙን ይደብቃል። ስለዚህ ሌሎች ጥያቄዎች እንልመድ። ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር በላህ? ስንት ሰዓት ተኛሽ? መድኅኑን አወጣሽ? ያ ሳል ተወህ? ስልኩ ምስል የሚያሳይ ከሆነ ፊቱን እንየው፤ ከስቶ ወይም ጠቁሮ እንደሆነ ከእናት ዓይን አያመልጥም።

ልጁ «አሞኛል» ሲል ደግሞ በድንጋጤ ጮኸን ወይም ተቆጥተን አንመልሰው። ከደነገጥን ሁለተኛ አይነግረንም። «ሐኪም ቤት መቼ ትሄዳለህ? ማን አብሮህ ይሄዳል?» ብለን እንጠይቅ፣ በማግስቱም ደውለን መሄዱን እናረጋግጥ።

ቤቱ ለልጁ ያደርግለት የነበረውን አሁን ልጁ ራሱ ሊያደርገው ይገባል ብለናል። ይህንን በአንድ ቀን አይለምደውም። ከመሄዱ በፊት ባለው አንድ ወር ራሱ ምስር ሠርቶ ይብላ፣ ራሱ ሐኪም ቤት ሄዶ ሁለቱን ምርመራዎች ያድርግ፣ ራሱ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ። ያን ጊዜ እዚያ ሲደርስ የሚቀረው አዲሱን አድራሻ ማወቅ ብቻ ይሆናል። አላህ በሄዱበት ሁሉ በአፊያ ያቆይልን።